ከሠርጌ በፊት የተጉመጠመጥኩት ጨው

ጥርሴን ያስነቀልኩት ለሠርጌ ሳምንት ሲቀረው ነው። የምሠራው ሰመራ፣ አንድ የከባድ መኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ነው። ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጬ ፍሬን ሸራና ቤሪንግ አቀብላለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ እንደ ልማዴ በሐሳብ እሄዳለሁ። በዚያ ሰሞን የምሄደው ወደ ሠርጌ ብቻ ነበር። መንጋጋዬ አብጦ አንድ ዓይኔ መጨፈን ሲጀምር አለቃዬ አየኝና፣

«እንዲህ ሆነህ ልትሞሸር ነው? ልጅቷ አይታህ ብትሮጥ አልፈርድባትም። ሂድ አስነቅለው!» ብሎ አስወጣኝ።

የጥርስ ሐኪሙ ብዙ ታግሎ ነቀለው። ጥጥ አስነክሶኝ ጓንቱን እያወለቀ፣ «እስከ ነገ አትትፋ፣ አትጉመጥመጥ፣ ትኩስ ነገር አትጠጣ። ቀዳዳው ላይ ደም ይረጋል። የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ እሱ ከተነሳ መከራህን ታያለህ» አለኝ። ከነገ ጀምሮ ቀስ አድርጌ እንድጉመጠመጥ፣ በምን እንደሆነ ደግሞ ፋርማሲ ጠይቄ እንድመርጥ ጨመረልኝ።

ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለእኔ ግን ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም ትዝታና እኔ የምንጋባው በተክሊል ነው። ሁለታችንም አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያደግን ነን፤ አባቶቻችን በአንድ ባቡር ላይ ሠርተዋል። ተክሊል ለደናግል ብቻ የሚደረግ ሥርዓት መሆኑን፣ ሙሽሮቹም በዚያው ጠዋት ሥጋ ወደሙ እንደሚቀበሉ የግቢው ሰው በሙሉ ያውቃል። እናቷ እትዬ ባይሽ ይህን ስትሰማ ሳቀች አሉ። «ከሰመራ የመጣ ወንድ ተክሊል? ያ ሁሉ ሾፌርና ያ ሁሉ ሆቴል ካለበት?» የንስሐ አባቴን መምሬ አለሙን ሄዳ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ስለ እኔ ቆሙልኝ። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ቀኑ የቅበላ እሑድ ነበር። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይያዛል፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። የሚደማ ሰው አይቆርብም። ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ ውሃም ቢሆን በአፍ አይገባም፤ ከቆረቡ በኋላም ምራቅ አይተፋም። እኔ ደግሞ አፌ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል የሚመስለኝ ቀዳዳ ነበረኝ። በዚያ ሳምንት ከእኔ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን ቀዳዳ ደም ሳይወጣው እስከ እሑድ ጠዋት ማድረስ።

ፋርማሲ ያለችው ኢህሳን ታውቀኛለች፤ ከመደብራችን በሁለት ቤት ትርቃለች። ሁለት ጠርሙስ አውጥታ መስታወቱ ላይ አቆመች።

«ይሄ አረንጓዴው አልኮል አለው፤ ያቃጥልሃል። ለሾፌርማ አልሸጠውም፣ ትራፊክ አፉን ቢያሸተው በእኔ ነው የሚያላክከው።»

«አልኮል አይሆንም። እሑድ እቆርባለሁ።»

«እንግዲያ ይሄ ሮዙ። መራራ ነው፣ ግን ቁስል አያስቆጣም። ሲቆይ ጥርስ ያበልዛል፤ ከሱ ጋር ሻይ አታብዛ።»

ጥርሴን አሳየኋት። «የአዋሽ ልጅ ነኝ እኮ። የእኔን ውሃው ገና ሳድግ አበልዞታል።»

ሳቀች፤ መድኃኒት ሊገዛ የገባ ይመስል መጋረጃው ሥር ቆሞ የነበረው ካሊድም ሳቀ። ካሊድ ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ መለዋወጫ ሲፈልግ እኛ ጋ ይመጣል፣ ባይፈልግም ይመጣል።

«ለጠርሙስ ምን አስኬደህ? የጫንኩት ሁሉ ጨው አይደል እንዴ!» አለኝ። «እኛ ለሶላት በቀን አምስቴ እንጉመጠመጣለን። ጥርሴን ተመልከት፣ ወላሂ አንድ አልጎደለም።»

«አንዱ ወርቅ ነው» አለች ኢህሳን።

«እሱ በቡጢ ነው የሄደው፣ በበሽታ አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሙሽራው፣ ጨው ውሰድ። ንጹሕ ነገር ነው» አለ።

ንጹሕ የሚለው ቃል ልቤ ውስጥ ቀረ። ኢህሳን ጨውም እንደሚያገለግል፣ ግን ከነገ ጀምሮ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሹ፣ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ሳላንቀረቅር መሆን እንዳለበት ከኋላዬ ስትናገር ሰምቻታለሁ። ጠርሙሶቹን ትቼ ከካሊድ መኪና አንድ እፍኝ ጨው ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የተከራየኋት ክፍል አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቷ ወደ አስፋልቱ ነው የምታየው። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ የሚመለሱት መኪኖች ሲያልፉ ግድግዳው ይርዳል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አፌ ውስጥ ያለው ሁሉ ታየኝ፤ ደሙ፣ መግሉ፣ የሐኪሙ መርፌ፣ የሳምንቱ ሽታ። በዚህ አፍ ነው እሑድ የምቀበለው? ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪሙ እንዳለው ዝም ብሎ ይተኛ ነበር። እኔ ግን ቤት እንደሚጠርግ ሰው ሆንኩ። ጨዉን አወፍሬ በጥብጬ፣ ጉንጬ እስኪወጠር ያዝኩት፤ አንቀረቀርኩ፣ ተፋሁ፤ ደግሜ ያዝኩ፣ ደግሜ ተፋሁ። አፌ እንደ ታጠበ ሰሐን ሲሆን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሕመሙ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከጆሮዬ ጀምሮ እስከ አገጬ አንድ ሰው በሚስማር የሚጽፍብኝ መሰለኝ። ሐኪሙ አፌን ከፍቶ አየና መብራቱን ከፊቴ ላይ አዞረ።

«ተጉመጠመጥክ።»

«በጨው ነው።»

«በምንም ይሁን! አጥንትህ ባዶውን ነው። ክዳኑን አጥበህ ጣልከው።»

ቀዳዳውን ፍቆ እንደ አዲስ አደማው፤ አዲስ ደም ካልረጋበት አይድንም አለ። ስለ እሑዱ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ከአሁን በኋላ ካልነካካኸው ይደርስልህ ይሆናል» አለ። ከዚያ ቀጥታ ኢህሳን ዘንድ ሄጄ ሮዙን ጠርሙስ ገዛሁ። አጠቃቀሙን አሳየችኝ፤ አፍ ውስጥ ይያዛል፣ አንገት ዘንበል ይደረጋል፣ ከዚያ ሳይተፋ በራሱ እንዲፈስ ይተዋል። «እንደ ሕፃን ይዝረብረብ» አለችኝ። «አደራ፣ አትትፋ።»

እንዳለችው አደረግኩ። መራራነቱ ምላስ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ምግብም ውሃም ጣዕሙ ይጠፋል። ሕመሙ ግን ቀነሰ። አዋሽ የገባሁ ዕለት ቀዳዳው ላይ ጥቁር ነገር ረግቶ በመስታወት አየሁ። እንደዚያ ያለ ደስታ ስለ ረጋ ደም ይሰማኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለትዝታ ስደውልላት እትዬ ባይሽ ድንኳን ተካዮቹ ላይ ስትጮህ ከኋላ ይሰማል። ሙሽሮች ከሠርጉ በፊት እንዳይተያዩ ተብለን ስለ ነበር በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነን በስልክ ነበር የምናወራው።

«ሮዙን ጠርሙስ ይዘሃል?» አለችኝ።

«ይዤዋለሁ።»

«ይልቃል ሙት በለኝ።»

«ይልቃል ይሙት፣ የምጠቀመው እሱን ነው» ብዬ በገዛ ስሜ ማልኩላት።

«ጨው የሚባል ነገር እንዳትነካ። አንተ የጀመርከውን ነገር እስኪያልቅ አትለቅም፣ ጨው ላይ ከወጣህ አትወርድም።» ሳቀች። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ሳቅ ያ ነው።

አርብ ማታ ከመምሬ አለሙ ጋር ንስሐዬን ስንጨርስ ስለ ጠርሙሱ ጠየቅኳቸው።

«ካልዋጥከው መድኃኒት ነው፣ ችግር የለውም» አሉኝ። «ብቻ ከነገ ቀትር ወዲያ አፍህ ውስጥ ጣዕም አይኑር።»

«አባ፣ የዚህ ጣዕሙ እስከ ማታ አይለቅም።»

ጢማቸውን ያዙ። «እንግዲህ እሱን ሕሊናህ ያውቃል፣ ልጄ።»

እሳቸው ይህን ብለው ረስተውታል። እኔ ግን ሌሊቱን ተሸክሜው አደርኩ።

ቅዳሜ ቀትር ሊሆን ሲል የእናቴ ቤት ጓሮ፣ የዛገው የባቡር ሐዲድ ወደሚታይበት ወጣሁ። አንዱ እጄ ላይ ጠርሙሱ፣ ሌላው ላይ የካሊድ ጨው ነበር። ከዚህ በኋላ እስከ ንጋት አፌን የሚነካ ነገር የለም። ሮዙን ብይዘው ቁስሉ እንደ ተሸፈነ ያድራል፤ መራራው ግን እስከ ማታ ምላሴ ላይ ይቀመጣል። ታዲያ ጾምኩ ልበል? መራራ ነገር እየላስኩ ጾምኩ ልበል? ደግሞ ከአዝሙድ ይሁን ከማስቲካ የተቀላቀለ ሽታ አለው፤ በዚያ ሽታ መንበሩ ፊት ስቆም ታየኝ። ጨዉን ግን ውሃው ይዞት ይሄዳል። ቀስ አድርጌ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳላንቀረቅር።

ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት።

ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ለብ ያለው ውሃ አፌ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል መዘምራኑ ለነገ ከበሮ ሲለማመዱ ይሰማኛል። ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚያ ከበሮ ትዝታ ካባ ለብሳ ስትወጣ አየኋት፤ ያ ስንት ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ባቡር እንኳ ለእኛ ሲል ሲነሳ አየሁ። ጉንጬ ከከበሮው ጋር መሄድ መጀመሩን አላወቅኩም። ሳላስበው አንቀረቀርኩ። ሳላስበው ተፋሁ።

ምላሴ ላይ ለስላሳ ነገር ተንሸራተተና ከውሃው ጋር አሸዋው ላይ ወደቀ። እንደ ጉበት ቁራጭ ጥቁር ነበር። ቆሜ አየሁት። አንድ ጉንዳን መጥቶ ዞረው።

ያን ማታ ንጹሕ ጥጥ ነክሼ ቆየሁ። ደሙ ቆመ። ቆመ ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነገርኩት።

ሊነጋጋ ሲል ካባ ደርበውልኝ በወንዶች በኩል ቆምኩ፤ ሚዜዬ እንድሪያስ ከጎኔ ነበር። በሴቶች በኩል የትዝታ ነጭ መጎናጸፊያ ይታያል። ኪዳን እየደረሰ ሳለ አፌ ውስጥ ብረት ብረት አለኝ። ምራቄ ነው አልኩ። ደግሞ መጣ፣ አሁን ሞቅ ያለ። ቤተ መቅደስ ውስጥ አይተፋም፤ ዋጥኩት። ደግሜ ዋጥኩ።

ማንም አላየኝም። ያን ጊዜ ማድረግ የምችለው አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ ዝም ማለት። አፌን ገጥሜ ተክሊሉን ብደፋ፣ ስጠራ ሄጄ ብቀበል፣ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ እቀመጥ ነበር። ግን አፌ ውስጥ የገባው የመቁረቢያ ማንኪያ፣ ዕርፈ መስቀሉ፣ ወደ እሷም ይሄዳል። ትዳራችን በዚያ እንዲጀምር አልፈለግኩም። ዲያቆኑን በእጄ ጠራሁና መምሬ አለሙን አስጠራኋቸው።

ወደ ቤተልሔሙ ግድግዳ ወሰዱኝ።

«ምን ሆነህ ነው? ሥርዓቱ ሊጀመር ነው እኮ።»

«አባ፣ አፌ ይደማል።»

«ጥርስህ?»

«አዎ።»

እንድሪያስን ጠሩት። የስልኩን መብራት ሲያበራ አፌን ከፈትኩ። ሁለቱም አጎንብሰው አዩ፤ ብዙ አዩ።

«አባ፣ እኔ ምንም አይታየኝም» አለ እንድሪያስ።

«እኔም አይታየኝ። የታለ ደሙ፣ ልጄ?»

«ዋጥኩት።»

መምሬ አለሙ ቀና አሉ። እንድሪያስ መብራቱን አጠፋና ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እንድሪያስ፣ አንዴ ፈቀቅ በልልን» አሉ። ከሄደ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይልቃል፣ እኔ ስለ አንተ ቆሜያለሁ። የቆምኩት በቃልህ ነው። ሌላ የከበደህ ነገር ካለ አሁን ንገረኝ። ሰው ነህ፤ ሰመራም ሰመራ ነው። በሌላ ሥርዓት እናጋባችኋለን፣ ነውር የለውም» አሉኝ።

«ሌላ ነገር የለም አባ። ደም ነው።»

«በጄ።» ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አነሱ። «ደም አለ ካልክ እኔ አላቀርብህም። ከፋሲካ በኋላ ይሆናል።»

በደግነት ነው የተናገሩት። እንዳላመኑኝ ያወቅኩትም በዚያ ደግነታቸው ነው።

ትዝታን አስወጧት። እናቷ ተከትላት መጣች። ትዝታ ምንም ሳትል የስልኳን መብራት አበራችና «ክፈት» አለችኝ። ከፈትኩ። ፊቷ በጣም ቀርቦኝ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ያን ያህል ተቀራርበን አናውቅም። እጇ ላይ የተቀባችው ሂና ይሸተኛል።

«ደም የለም ይልቃል።»

«ነበረ።»

«ሮዙን ጠርሙስ ተጠቀምክ?»

ፊቴን ከመብራቷ መለስኩ።

«ሮዙን ተጠቀምክ ወይ?»

«በጨው ነው የተጉመጠመጥኩት። ጣዕሙ ጾሜን እንዳያፈርስብኝ ብዬ—»

«ምለህልኝ እኮ ነበር» አለች። አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ ይሻለኛል።

እትዬ ባይሽ የልጇን መጎናጸፊያ እያስተካከለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው የምትናገር ይመስል፣ «እሱን የያዘው ደም አይደለም» አለች። «በዚህ ቤት አልዋሽም ማለቱንስ ጥሩ አደረገ። ነይ።»

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው—»

«እሱንማ ተወው፣ ተወው» አለችኝ። ይዛት ሄደች። ትዝታ ዞራ አየችኝ፤ አንድ ነገር ልትጠይቀኝ እንደፈለገች አውቃለሁ፣ ምን እንደሆነም አውቃለሁ። እናቷ ፊት አልጠየቀችኝም።

ከቅጥሩ ወጥቼ ተፋሁ። አፈሩ ላይ ቀላ ያለ ነገር ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ሰው ፈለግኩ፣ የሚያይልኝ አንድ ሰው። አንዲት የምታነክስ ፍየል ብቻ ነበረች። ተመልሼ እንድሪያስን ጠርቼ ሳመጣው ምድሩ ጠጥቶታል።

የሚገርመው ድግሱ ተበላ። በማግስቱ ጾም ነው፤ የታረደው በሬ፣ የተሠራው ዶሮ፣ ቅቤው ሁሉ ሁለት ወር አይቀመጥም። ሰው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ የሙሽሮቹን ወንበር ባዶውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥሬ ሥጋ ቆረጠ። ሙዚቃ አልነበረም፤ የቢላ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከእናቴ ቤት መስኮት ሆኜ ሰዎቹ ሲጎራረሱ አየሁ፤ አንዱ ለአንዱ ጆሮ ሲንሾካሾክ፣ ሌላው «ሰመራ» የምትለዋን ቃል ሲስቅባት። ካሊድ ለእኔ ሠርግ ብሎ ሙሉ መንገድ መኪናውን ነድቶ መጥቶ ነበር፤ ሥጋው የክርስቲያን ስለሆነ ለስላሳ ብቻ ጠጣና እኔ ዘንድ መጣ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለኝ። «ጨው ውሰድ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አንተ አይደለህም።»

«እትዬ ባይሽን ላናግራት?»

«ምን ብለህ? ሰመራ አብረን ነን ልትላት?»

አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እሱም እውነት ነው። እኔ ከመሰከርኩልህማ ጨርሶ አለቀልህ።»

በማግስቱ በእሱ መኪና ተመለስኩ። ገዋኔ ሻይ ሊጠጣ ሲቆም ቦርሳዬን ከፍቼ ሮዙን ጠርሙስ አወጣሁ። መኪናው ጥላ ሥር ቆሜ ያዝኩት፤ አንገቴን ዘንበል አድርጌ እንዲዝረበረብ ተውኩት። እንደ ሕፃን። መራራው ምላሴ ላይ ተቀመጠ፤ አሁን ጣዕሙ የሚያፈርሰው የቁርባን ጾም አልነበረም።

በጾሙ መጀመሪያ ትዝታ ትደውልልኝ ነበር። ስለ ቁስሌ ትጠይቀኛለች፣ እነግራታለሁ። አንድ ቀን እንደ ዋዛ፣ «ሰመራ ውስጥ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም። ትዝታ፣ የለም።»

«እሺ።»

ያ እሺ ለሕፃን የሚባለው ዓይነት ነበር። ከዚያ ወዲህ የምደውለው እኔ ሆንኩ፤ ከዚያም ስልኳ የሚነሳው አልፎ አልፎ ሆነ። ሆሳዕና ሰሞን እናቷ አነሳችና፣ «ልጄ፣ እኛ ማንንም አልከሰስንም። በቃ ተወን» አለችኝ።

ፋሲካ አለፈ። ኢህሳን ፋርማሲ በር ላይ ስታየኝ፣ «ሙሽራው፣ እስኪ አፍህን!» ብላ ጠራችኝ። የሆነውን አልሰማችም ነበር። በመብራቷ አየችና ደስ አላት።

«ማሻአላህ! ድኗል። ቀዳዳ እንደነበረ እንኳ አያስታውቅም።»

አመሰግናለሁ አልኳት። መደርደሪያው ኋላ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ምላሴን ወደዚያ ቦታ ሰደድኩት። ድዱ ለስልሶ፣ ተደፍኖ፣ እንደ ሌላው ሆኗል። ከዚያን ቀን ጠዋት የቀረልኝ ምስክር ያ ቀዳዳ ብቻ ነበር። አንድ ሾፌር ገብቶ ፍሬን ሸራ ጠየቀኝ። ተነስቼ አቀበልኩት።